ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ?

(በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ)

በዚህች መጽሔት ላይ ጓደኞቼ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ወባ ትንኝና ስለ ኩረጃ ጽፈው አንብቤያለሁ። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ስለ ምላጭ ነው። «ይሄ ደግሞ ርዕስ ሆኖ!» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ታነቡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

አባቶቻችን ሲተርቱ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ?» ይላሉ። ያበጠ ነገር የሚበጣው በምላጭ ነውና መፍትሔው ራሱ ችግር ከሆነ ወዴት ይኬዳል ማለታቸው ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ ምላጭ እንዴት ያብጣል እያልኩ እስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ገባኝ። ምላጩ ባያብጥም በምላጩ የተላጨው ፊት ያብጣል።

ነገሩ የተከሰተው ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ነው። ተማሪ ፊት የሚቆም ሰው ጺሙን ሙልጭ አድርጎ መገኘት አለበት ተባልን። እኔም የመጀመሪያ ቀኔ እንዲያምር ብዬ ሱቅ ውስጥ ካለው ሁሉ ውዱን፣ ሦስት ምላጭ የተደረደረበትን መላጫ ገዛሁ። ማታ በቀዝቃዛ ውኃ አረጠብኩና ቆዳዬን እየወጠርኩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እየሳብኩ ላጨሁት። ምን አለፋችሁ፣ አንገቴ እንደ እንቁላል ለሰለሰ። የዶርም ጓደኞቼም «ሙሽራ መሰልክ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አገጬ ሥርና አንገቴ ላይ ሽፍ አለ። እንደ ብጉር ነው፤ ግን ብጉር አይደለም። ያሳክካል፣ ሲነኩት ያማል፣ አንዳንዱም መግል ይዟል። እኔም በጄ የመጣ አይመስለኝምና «እንግዲህ ይባስ እንዳያስቀይመኝ» ብዬ በላዩ ላይ ደግሜ ላጨሁት። ባሰበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ስለ ሴል ክፍፍል እየጻፍኩ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ አንገትዎን ምን ነከሰዎት?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስለዚህች ቀጭን ብረት ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር ከአንገቴ ሽፍታ በላይ ሆነብኝ። በእኔ እምነት አብዛኞቻችን መላጫ ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ የተሳሳተ ነው። «የቱ ነው ይበልጥ ሙልጭ የሚያደርገው?» እንላለን። መጠየቅ ያለብን ግን «የቱ ነው የእኔ ብቻ የሚሆነው? የቱ ነው ለእኔ ጸጉር የሚስማማው?» ብለን ነው።

የወይራው ዛፍ ሥር

እኔ የወገዳ ልጅ ነኝ። ወገዳ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። በሰሜን ጋይንት፣ በምዕራብ እስቴ ያዋስኑናል፤ በታች በኩል ደግሞ አገሩ እየቆለቆለ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። በልጅነቴ እኛ ሰፈር ጸጉር ቤት የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ከገበያው ዳር መስተዋት ሰቅሎ በማሽን የሚቆርጥ ሰው የመጣው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚላጩት አጎቴ ነበሩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጓሯችን ወይራ ሥር በርጩማ ይወጣል። ውኃ በጣሳ ይቀርባል። ሳሙና ካለ በሳሙና፣ ከሌለ በውኃ ብቻ ራስ ይታሻል። ከዚያ ልጆች በተርታ እንቀመጣለን። ቁንጮ የተተወለት ቁንጮው ይቀርለታል፤ ሌላው ልጭት ይደረጋል። ከልጆች በኋላ አዋቂዎች ጺማቸውን ይላጫሉ። ለቅሶ የደረሰባት ሴት ካለችም ለሐዘን ጸጉሯን የምትላጨው በዚያው ምላጭ ነው። አጎቴ ምላጩን ለሁለት ይከፍሉትና ግማሹን በወረቀት ጠቅልለው ለሚመጣው እሑድ ያስቀምጡታል። ግማሽዋ ምላጭ ስትደነዝዝ በመዳፋቸው ላይ አሸት አሸት ያደርጓትና ይቀጥላሉ። አንዳችን ደም ሲወጣን «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ!» ይሉና በአመድ ወይም በውኃ ጠረግ አድርገው ያንኑ ምላጭ ወደሚቀጥለው ራስ ያሳርፉታል።

አጎቴ ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም። እንዲያውም ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው አላውቅም። ለዚህ ሥራ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ምላጩን የሚገዙት ከራሳቸው ኪስ ነበር። ቁጠባቸውም የድህነት ብልሃት እንጂ ንፍገት አልነበረም። ይሁን እንጂ እኛ ልጆች ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ ስንቀባበል፣ ያ ምላጭ አንዱ መንገድ እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ።

አጎቴ የሞቱት በጉበት በሽታ ነው። ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ሆዳቸው ውኃ ቋጠረ። የሰፈሩ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» አለ። የሌሊት ወፍ ሸንታባቸው ነው ተባለና ቅጠል ተቀጥቅጦ ተሰጣቸው። በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት ሲወሰዱ በደማቸው ውስጥ የተገኘው ሄፓታይተስ ቢ ነበር። እሳቸው ከሰፈሩ ሰው ያዛቸው ወይስ የሰፈሩ ሰው ከእሳቸው፣ ያ ምላጭ አይናገርም። ግን የዚያን ጊዜው ተርታ እስከ ዛሬ በዐይኔ ላይ አለ።

ስለ ኤች አይ ቪ ሰምተናል፤ ስለ ጉበቱስ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው የለም። በየትምህርት ቤቱ ክበብ ነበር፣ ድራማ ነበር፣ ግጥም ነበር። ዛሬ ክበቦቹ ቀዝቅዘዋል። መድኃኒቱም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ስለጀመረ ፍርሃቱም አብሮ ቀንሷል። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም ከፍርሃቱ ጋር ጥንቃቄውም እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

ለምን ቢሉ፣ በምላጭ ጉዳይ ከኤች አይ ቪ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ኤች አይ ቪ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ይዳከማል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ግን በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመበከል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። 7 ቀን ማለት ከእሑድ እስከ እሑድ ማለት ነው! በወረቀት ተጠቅልላ የምትቀመጠው ግማሽ ምላጭ ልክ ይህን ያህል ትቆያለች። ለመተላለፍ ደግሞ በዐይን የሚታይ ደም አያስፈልገውም፤ ጺም ስንላጭ የሚፈጠረው በዐይን የማይታይ ጭረት ይበቃዋል። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ዝም ብሎ ለዓመታት ተቀምጦ በኋላ የጉበት መኮማተርና የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል።

ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ከሌሎች ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ ተዋሕዶ ነው። እስቲ የተወለዳችሁበትን ዓመት አስቡት። ዛሬ ኮሌጅ ካለነው ብዙዎቻችን ከዚያ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የተወለድን ነን። መምህሮቻችንማ ሁሉም ከዚያ በፊት ናቸው። ስለዚህ «ጓደኛዬ እኮ ጤነኛ ነው፣ ፊቱን አያችሁት?» እያልን በዶርም ውስጥ አንድ መላጫ ለአራት መጠቀማችን ትልቅ ድፍረት ነው። እኛ ዶርም ውስጥ መስኮት ላይ የምትቀመጥ አንዲት «የጋራ» መላጫ ነበረች። የማን እንደሆነች እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ተላጭቼባታለሁ። ይህን የምጽፈው ከሌላው በልጬ አይደለም።

ምላጭ በአገራችን ከጺም ያለፈ ብዙ ሥራ እንዳለውም አንርሳ። እትብት ሲቆረጥ፣ እንጥል ሲቆረጥ፣ ሴት ሕፃናት ሲገረዙ የሚመዘዘው እሱው ነው። የሴት ልጅ ግርዛት በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ሆኗል። ሕጉ ቢኖርም ምላጩ በየቤቱ አለ። ነገ መምህር ሆነን ገጠር ስንመደብ ስለ ምላጭ ማስተማር ከፈለግን ከራሳችን መስኮት መጀመር አለብን።

ከአንድ ወደ አምስት

የዛሬው ቀጭን ምላጭ ታሪክ ረጅም አይደለም። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ የሽያጭ ሠራተኛ ተጠቅመው የሚጥሉት ቀጭን ምላጭ ለመሥራት ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ብረቱን ቀጭን አድርጎ ማጠንከር አስቸጋሪ ስለነበር ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ እስኪረዳው ድረስ ዓመታት ፈጀበት። ሽያጭ በጀመረበት በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከ90 ሺህ በላይ መላጫ ሸጠ። ከዚያም አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር መላጫ ገዛ። ምላጭ የዓለም ዕቃ የሆነው እንዲህ ነው።

ለብዙ ዓመታት መላጫ ማለት አንድ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ማለት ነበር። በ1971 ሁለት ምላጭ ተደራርቦ መጣ። በ1998 ሦስት ሆነ፣ በ2003 አራት፣ በ2006 አምስት። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ማስታወቂያው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሙልጭታው ይጨምራል። እውነትም ይጨምራል። ጥያቄው ለማን ጸጉር ነው የሚለው ነው።

ምላጮች ሲደረደሩ የሚሠሩት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምላጭ ጸጉሩን ይዞ ትንሽ ወደ ውጭ ይስበዋል። ጸጉሩ ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ሁለተኛው ይደርስና ከሥሩ ይቆርጠዋል። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ የተቆረጠው ጸጉር ከቆዳው ወለል በታች ይገባል። ጸጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ችግር የለበትም፤ በገባበት ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እኛ ዘንድ ግን የብዙ ሰው ጺም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ጸጉር በሰያፍ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ከቆዳ በታች ሆኖ ማደግ ሲጀምር ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ ተጠማዝዞ የገዛ ቆዳችንን ከውስጥ ይወጋል። ወይም ትንሽ ብቅ ይልና ታጥፎ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት ደግሞ የገባውን ጸጉር እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይመግላል። የእኔ አንገት ታሪክ ይኸው ነው። ብጉር አይደለም፣ ቆሻሻም አይደለም፣ «ቀንቶብኝ» ያገኘኝ ነገርም አይደለም። በራሴ ጺም ነው የተወጋሁት!

ይህ ችግር በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ በጣም የተለመደ በመሆኑ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ሳይቀር መከራከሪያ ሆኖ ኖሯል። ወታደር በየቀኑ ሙልጭ ብሎ መላጨት አለበት፤ ጥቁሮቹ ወታደሮች ደግሞ በየቀኑ ሲላጩ ፊታቸው ይቆስላል። የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ችግር ያለባቸው ወታደሮች የሚያገኙት ያለመላጨት ፈቃድ እስከ አምስት ዓመት እንዲያገለግል አደረገ። በ2025 ደግሞ የጦሩ ደንብ ተመልሶ ጠበቀ። እንግዲህ በጦር ሠራዊት ደረጃ የሚያከራክር ጉዳይ በእኛ ኮሌጅ ቢነሳ ምን ይገርማል?

በኩባያ ውኃ የሚላጭ ሰው

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከምላጭ አምራቾች ትልቁ የሆነው ጂሌት ለህንድ ገበያ መላጫ ሊያወጣ ሲል አሜሪካ የሚማሩ የህንድ ተማሪዎችን ሰብስቦ ሞከረ። ተማሪዎቹ ወደዱት። ዕቃው ህንድ ሲደርስ ግን በምላጮቹ መካከል ጸጉር እየተሰካ አስቸገረ። ለምን? አሜሪካ ያሉት ተማሪዎች ከቧንቧ በሚፈስ ውኃ ያጥቡት ነበር። ህንድ ገጠር ያለው ሰውዬ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ በአንዲት ኩባያ ውኃ ነው የሚላጨው። ኩባንያው ከዚህ ተምሮ በገጠር ቤቶች እየዞረ ሰዎች እንዴት እንደሚላጩ ካየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ምላጭ ብቻ ያለው፣ በቀላሉ የሚታጠብ መላጫ አወጣ። ሲወጣ ዋጋው 15 ሩፒ፣ መለወጫ ምላጩ ደግሞ 5 ሩፒ ነበር። ስሙን ጋርድ አሉት።

ይህን ሳነብ ወገዳ ናት ትዝ ያለችኝ። በኩባያ ውኃ የሚላጨው ሰውዬ እኮ አባቴ ነው! ውኃ በጀሪካን ተሸክመን በምናመጣበት አገር በአምስቱ ምላጮች መካከል የተሰካን ጸጉር በምን ያህል ውኃ ልናጥበው ነው? የአምስት ምላጭ መላጫ የቧንቧና የመታጠቢያ ገንዳ አገር ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ ይጠላል ማለቴ ሳይሆን ከኑሯችን ጋር ይስማማል ወይ ብለን እንጠይቅ ማለቴ ነው።

ታዲያ የቱን እንምረጥ?

የእኔ ምርጫ የድሮው መላጫ ነው። እጀታው ሲጠመዘዝ የሚከፈተውና አንድ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበት ማለቴ ነው። ምክንያቶቼም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ምላጩ ርካሽ ስለሆነ የራስ ለማድረግና ቶሎ ለመለወጥ ያስችላል። ውድ መላጫ የገዛ ሰው «አሁንም ይሠራል» እያለ ወር ሙሉ በደነዘዘ ምላጭ ይላጫል። የደነዘዘ ምላጭ ጸጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል፤ እኛም ተጭነን እንስባለን፤ ቁስሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የቆዳ ሐኪሞች ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከተላጩበት በኋላ ምላጭ እንዲለወጥ ይመክራሉ። «ብረት እንዴት በጸጉር ይደነዝዛል?» የሚል ካለ፣ ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት መልስ ሰጥቶበታል። የምላጭ ብረት ከጸጉር 50 ጊዜ ያህል የጠነከረ ቢሆንም ጸጉሩ ምላጩን በሰያፍ ሲያገኘው የስለቱን ጠርዝ በጥቂት በጥቂቱ ይሸርፈዋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ምላጭ ጸጉሩን ከቆዳው ወለል እኩል ይቆርጠዋል እንጂ ስቦ ከሥር አያስገባውም። ሦስተኛ፣ ተከፍቶ በኩባያ ውኃ ይታጠባል። አራተኛ፣ እጀታው ለዓመታት ያገለግላል።

ችግርም አለበት፤ አልደብቅም። ችኩል እጅ ይቆርጣል። ለጀማሪ መለማመድ ያስፈልገዋል፤ አንግሉን እስኪለምዱ ድረስ ጠዋት ክፍል ሊገቡ ሲሉ ባይሞክሩት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ለእሱ የሚሆን ብር ያጣ ደግሞ አንድ ምላጭ ያለውን የሚጣለውን የፕላስቲክ መላጫ ይግዛ፤ የራሱ ብቻ ይሁን እንጂ ያም ደህና ነው።

እንደ እኔ አንገቱ ሽፍ የሚልበት ሰው ግን ከሁሉም በፊት ምላጭን ለጥቂት ሳምንታት ይተው። ከዚያ በኋላም የሚበጀው በማሽን መከርከም ነው። ከቆዳው በላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ጺም ሲቀር ጸጉሩ ተመልሶ አይገባም። ሙልጭ አይልም፤ ግን አያሳክክም፣ አያቆስልም። የገባውን ጸጉር በመርፌ መቆፈር ደግሞ ጠባሳ ያመጣልና ይቅርባችሁ። ከባሰ ጤና ጣቢያ ነው።

አላላጩም ከምላጩ እኩል ይወስናል። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ ነክሬ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጺሜ ላይ አቆያለሁ፤ የራሰ ጸጉር በቀላሉ ይቆረጣል። በደንብ አረፋ የሚያወጣ ሳሙና እቀባለሁ። ቆዳዬን አልወጥርም። ጸጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ሳልጫን እስባለሁ። በየመሐሉ ምላጩን አጥባለሁ። ያለፍኩበትን አልደግምም። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ምላጩን አድርቄ አስቀምጣለሁ። ያለቀውን ምላጭ በመስኮት አልጥልም፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አጠራቅመዋለሁ። ከዶርማችን ጀርባ የሚጫወቱ ልጆችና የሚግጡ በጎች አሉና።

ጸጉር ቤት ለምትሄዱም አንድ ቃል ልበል። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ፊታችሁ ይከፈት። ግማሹ ለእናንተ፣ ግማሹ ለሚቀጥለው ይሁን፤ አንድ ጊዜ የሠራ ግን ተመልሶ አይምጣ። በአልኮል አበስ ማድረግ ብቻ በቂ አይደለም። «አዲስ ክፈትልኝ» ማለት ነውር የለውም። ከወገዳ ገበያ እስከ ደብረ ታቦር ከተማ እኔ ስል ሰንብቻለሁ፤ የተቆጣኝ ጸጉር ቆራጭ አላጋጠመኝም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለዶርም ጓደኛዬ አስነበብኩት። «አንተ እኮ አንድ አንገትህ ስለቆሰለ ሁላችንንም ወደ ድሮ ልትመልሰን ነው» አለኝ። እሱ በሦስት ምላጭ ይላጫል፤ ምንም አይሆንም። ጺሙን ሳየው ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው። አልተከራከርኩትም። ለእሱ የተስማማው ይስማማው። የእኔ ነጥብ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መላጫ ይግዛ አይደለም። ማስታወቂያ የሠራው ሰው የእኛን ፊት አላየም፤ የእያንዳንዳችንን ጺም የምናውቀው እኛው ነን ለማለት ነው። ብቻ መላጫህን ለሌላ አታውስ አልኩት። «ላበድርህ የነበረው እኮ አንተን ነው» ብሎ ሳቀ።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «መምህር ጺሙ ከታየ ተማሪ አያከብረውም» የሚል። ንጽሕና እንደሚያስከብር እኔም አምናለሁ። ነገር ግን አጭር ሆኖ የተከረከመ ጺም ከቆሻሻ የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ካህናቶቻችን ጺማቸውን አሳድገው ይከበራሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ጺም ያለው መምህርና አንገቱ መግል የያዘ መምህር ቢቆሙ ለተማሪው ዐይን የትኛው ይሻላል? ያቺ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀችኝ ስለ ጺሜ ሳይሆን ስለ ቁስሌ ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን በአክብሮት የማቀርበው ልመና አለኝ። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ «ሙልጭ ብላችሁ ተላጩ» የሚለው «ጺማችሁ ንጹሕና አጭር ይሁን» በሚለው ቢተካ። ከዚያ በተረፈ ከልምምድ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ላይ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት አሥር ደቂቃ ቢጨመር። እኛ ባዮሎጂ ተማሪዎች ካልጀመርነው ማን ይጀምረዋል?

ለተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ፦ ዛሬ ማታ ዶርም ስትገቡ መስኮታችሁን እዩ። ባለቤት የሌላት መላጫ ካለች አንሱና ቆርቆሮ ውስጥ ክተቷት።

እኔ ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ አንድ እጀታና ሁለት ፓኬት ምላጭ ይዤ ሄጄ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጺም ማብቀል ጀምሯል። እናቴ የአጎቴን ዕቃ የምታስቀምጥባት ሣጥን አለች፤ እሷን ከፍታ በወረቀት የተጠቀለለች አሮጌ ግማሽ ምላጭ አወጣችና «በዚች ይጀምር፤ የአጎቱ እጅ አለባት» አለችኝ። እናቴን ማሳዘን አልፈለግኩም። ወረቀቷን ከነምላጯ ወደ ሣጥኑ መለስኳትና «ይቺ ለማስታወሻ ትቀመጥ፤ ለመላጨት ይሄኛው ነው» አልኳት። ከዚያ ወንድሜን ወይራው ሥር አስቀምጬ በኩባያ ውኃ አላላጩን አሳየሁት። ሲጨርስ የጎረቤት ልጅ መጥቶ «አውሰኝ» አለው። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ከፓኬቱ አንድ አዲስ ምላጭ አውጥቼ ለልጁ ሰጠሁት።

ቸር ይግጠመን።